«እናቶቻችን ያለዚህ ሁሉ ወልደውናል» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ እርግዝና የተጻፈ አንድ ጽሑፍ በቴሌግራምና በፌስቡክ ሲዘዋወር ሰንብቷል። እዚህ ጎንደር ለክትትል የሚመጡ እናቶችም ስልካቸውን እያወጡ «ይህ ነገር እውነት ነው እንዴ?» ይሉኛል። የምሠራው በአዋላጅነት ሙያ ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ጽሑፉ አማርኛው የተዋበ ነው፤ ጸሐፊው ለእናቶቻችን ያላቸው ክብርም ከልብ ነው። ሰው የወደደውም ለዚህ ይመስለኛል። ምክሩ ግን ሰው የሚጎዳ ነው።

በቅድሚያ ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። እርግዝና በሽታ አይደለም ይላሉ፤ እናቶቻችን እስከ ምጣቸው ቀን ውኃ እየቀዱ፣ እንጀራ እየጋገሩ ስለወለዱን «ራስሽን ተንከባከቢ» የሚለው የዛሬ ምክር ከውጭ የመጣ፣ ገንዘብ ላላቸው ሴቶች የሚሆን ቅንጦት ነው። ቀጥለው፣ ነፍሰ ጡር በመጨረሻዎቹ ወራት ምግብ ካልቀነሰች ሕፃኑ ይገዝፍና ምጡ ይከብዳል፤ እንቁላል፣ ወተትና ሙዝ ደግሞ ሕፃኑ ገላ ላይ ይለጠፋሉ ይላሉ። ጤፍ የምትበላ ሴት የብረት እንክብል አያስፈልጋትም፤ ጠላ፣ ቡና፣ ጤና አዳምና ኮሶ ከአያቶቻችን የወረስናቸው ስለሆኑ አይጎዱም። በመጨረሻም፣ ሕመም ያልተሰማት ሴት ጤና ጣቢያ ብትሄድ ወረፋና ቁጣ እንጂ የምታተርፈው ነገር የለም ብለው ይደመድማሉ።

እርግዝና በሽታ አይደለም የሚለውን እቀበላለሁ። ጤነኛ የሆነች ነፍሰ ጡር ቀኑን ሙሉ ተኝታ ብትውል ወገቧም እግሯም ይብስባታል፤ ከፒያሳ እስከ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቀስ እያለች ብትራመድ ደግሞ እንቅልፏም የሆድ ድርቀቷም ይሻላታል። እስከዚህ አንለያይም። ነገር ግን «እናቶቻችን ወልደውናል» የሚለው ማስረጃ የተሸከመው ሸክም ከአቅሙ በላይ ነው። ይህን የምንናገረው እኛ በሕይወት የተረፉት እናቶች ልጆች ነን። በምጥ የቀሩት እናቶችና አብረዋቸው የሄዱት ሕፃናት መጥተው አይመሰክሩም። እ.ኤ.አ. በ2000 የተካሄደው ብሔራዊ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በሕይወት ከሚወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች እንደሚሞቱ ገምቶ ነበር። በ2016ቱ ጥናት ግምቱ ወደ 412 ወርዷል። ይህም ቢሆን የሚያሳዝን ቁጥር ነው። በእነዚያ ዓመታት መካከል የእናቶች ጥንካሬ አልተለወጠም። የተለወጠው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው መግባታቸው፣ ክትትል የሚያደርጉና በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶችም መብዛታቸው ነው።

የቀደሙት እናቶቻችንም ቢሆኑ ጸሐፊው እንደሚስሏቸው ነገሩን አቅልለው አላዩትም። ነፍሰ ጡርን «አንድ እግሯ ከምድር፣ አንድ እግሯ ከመቃብር» የሚሏት እነርሱ ናቸው። «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ብለው የሚመርቋት፣ ምጥ ሲይዛት ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ «ማርያም፣ ማርያም» የሚለው አደጋውን በዓይናቸው ስላዩት ነው።

«ከውጭ የመጣ» የሚለው ደግሞ ጎንደር ላይ ሲነገር ይገርማል። የዛሬው ዩኒቨርሲቲያችን እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራውን የጀመረው የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን) በሚያሠለጥን የጤና ኮሌጅነት ነው። የኅብረተሰብ ነርሶች የሠለጠኑትም እናቲቱን በቤቷና በመንደሯ እንዲያገለግሉ ነበር። የብዙዎቻችን አያቶች እነዚያን ነርሶች ያውቋቸዋል። ከዚያም በፊት ቢሆን ባህላችን እንክብካቤን ያውቃል። አንዲት ሴት ስትወልድ ገንፎው ይገነፋል፣ ቅቤው ይነጠራል፣ እናቷ ወይም እህቷ ከገጠር ድረስ መጥታ ታርሳታለች፣ እስከ ክርስትናው ድረስ ከባድ ነገር አንሺ የሚላት የለም። ይህን ሁሉ የምናውቅ ሰዎች፣ ከዚያው እንክብካቤ ጥቂቱን ከመውለዷ በፊት እንስጣት ሲባል እንዴት ቅንጦት ይሆናል?

ገንዘብን በተመለከተ ደግሞ ነገሩን በቅርበት እንየው። ጎንደር ውስጥ ውኃ ከቧንቧ በፈለጉት ሰዓት አይገኝም። በመጣ ጊዜ ወይም ከቦኖ ሲቀዳ፣ ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ይሞላል፤ ክብደቱ 20 ኪሎ ነው። ሰባት ወር የሞላት ሴት ይህን በገመድ አስራ ጀርባዋ ላይ ስታዝል ሆዷ ወደፊት፣ ጀሪካኑ ወደ ኋላ ይጎትታታል። የሁለቱን ጉተታ የሚችለው ወገቧ ነው። በእርግዝና ጊዜ የሰውነት መገጣጠሚያዎች ይላላሉ፤ ሚዛንም እንደ ቀድሞው አይሆንም። በዚህ ላይ የክረምቱን ጭቃና የሰፈሮቻችንን ዳገት ጨምሩበት። ጀሪካኑን ከእርሷ ወስዶ ለባሏ፣ ለወንድሟ ወይም ለጎረምሳ ልጇ መስጠት ስንት ብር ያስወጣል? ጋገራውም እንዲሁ ነው። በተዘጋ ማድ ቤት እርጥብ እንጨትና ኩበት እያነደደች የምትጋግር ነፍሰ ጡር የምትስበው ጭስ በደሟ ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን ይቀንሰዋል፤ ክብደቱ ያነሰ ሕፃን ከመውለድ ጋርም ይያያዛል። በሩን መክፈት፣ እንጨቱን ቀድሞ ማድረቅ፣ ቢቻል በእነዚህ ወራት ጋገራውን ሌላ ሰው እንዲይዘው ማድረግ ገንዘብ አይጠይቅም። ከ28ኛው ሳምንት በኋላ በጀርባ ሳይሆን በጎን መተኛትም አይጠይቅም፤ በጀርባ ስትተኛ የከበደው ማኅፀን ወደ ልብ ደም የሚመልሰውን ትልቁን የደም ሥር ይጫነዋል። ማታ እግርን ትራስ ላይ ከፍ አድርጎ ማሳረፍ፣ እጅን መታጠብ፣ ድድ ደማ ብሎ ጥርስ ማጽዳትን አለመተው፣ እነዚህም እንደዚያው ናቸው። ጸሐፊው የገንዘብ ጉዳይ ያደረጉት ነገር በአብዛኛው የቤተሰብ የሥራ ክፍፍል ጉዳይ ነው። የሴቲቱን ጥንካሬ ባወደስን ቁጥር ጀሪካኑ ጀርባዋ ላይ ይቀራል። በጽሑፉ ላይ ከሁሉ የሚያስቆጨኝ ይህ ነው።

ወደ ምግቡ ልምጣ። «ነጭ ነገር ሕፃኑ ገላ ላይ ይለጠፋል» የሚለው እምነት ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ሕፃን ሲወለድ ገላው ላይ ነጭ ነገር አለ። ብብቱ፣ ብሽሽቱና ጀርባው ላይ ይበዛል፤ ሲነኩት እንደ ቅቤ ያሟልጫል። እናቱ የበላችው ወተት ወይም እንቁላል ግን አይደለም፤ የሚሠራው የሕፃኑ የራሱ ቆዳ ነው። ወራት ሙሉ በእንሽርት ውኃ ውስጥ የሚኖረውን ገላ ይሸፍንለታል። የጸሐፊውን ሐሳብ መፈተን ለሚፈልግ ሰው ማስረጃው ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ሞልቷል። እርግዝናዋን በሙሉ እንቁላል ያልቀመሰች እናት ልጅ ይህን ቅባት ተሸፍኖ ይወለዳል፤ ቀኑ አልፎ የተወለደ ሕፃን ደግሞ እናቱ ወተቱንም ሙዙንም ስትበላ ብትከርም ከቅባቱ አብዛኛው ለቆት ይወጣል። ቅባቱ ስለሚጠቅመውም የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃኑ እስከ 24 ሰዓት ድረስ ሳይታጠብ እንዲቆይ ይመክራል።

ምግብ መቀነስን በተመለከተ፣ በጣም የገዘፈ ሕፃን ምጥን ሊያከብድ እንደሚችል ጸሐፊው ያሉት ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ሕፃን ከመጠን በላይ ከሚገዝፍባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ በእርግዝና ጊዜ የሚመጣ የስኳር ሕመም ነው፤ እርሱም በምርመራ ይገኛል እንጂ በመራብ አይድንም። ምጥ የሚጠናውም በሕፃኑ ክብደት ብቻ አይደለም። የሕፃኑ አመጣጥና አቀማመጥ፣ የእናቱ ዳሌ ስፋት፣ በልጅነቷ ጠግባ አድጋ እንደሆነ፣ አካሏ ሳይጠና ተድራ እንደሆነ ሁሉ ይወስነዋል። በሰባተኛው ወር ገበታዋን የቀነሰች ሴት ዳሌዋን አታሰፋም። የምታገኘው የደከመ ጉልበትና ምናልባትም ከ2.5 ኪሎ በታች የሆነ ሕፃን ነው። እንዲህ ያለው ሕፃን ቶሎ ይበርደዋል፣ ጡት ለመሳብ አቅም ያጣል፣ ኢንፌክሽንም በቀላሉ ያሸንፈዋል። ቀላል ምጥ እንመኝላት ብለን ልጁን እናደክመዋለን።

መብላት ያለባት ደግሞ ከሆቴል የሚመጣ ምግብ አይደለም። ከተለመደው ገበታ ላይ አንድ መክሰስ መጨመር ነው፦ የተቀቀለ እንቁላል፣ ንፍሮ፣ የሱፍ ወይም የተልባ ፍትፍት፣ ከሽሮው ጎን ጎመን። ጨው ስትገዙም አዮዲን ያለበት የታሸገውን ምረጡ፤ አዮዲን ለሕፃኑ አንጎል ያስፈልጋል። ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡት፤ ወጡ ሊወርድ ሲልም ጨምሩት። በጾም ወቅት፣ በተለይ በዐቢይ ጾም 55 ቀናት፣ ነፍሰ ጡር ሴት ከነፍስ አባቷ ጋር ትነጋገር። እኔ የማውቃቸው አባቶች ለነፍሰ ጡር ሲፈቅዱ እንጂ ሲያስጨንቁ አላየሁም። በእስልምናም ለራሷ ወይም ለልጇ የምትሰጋ ነፍሰ ጡር ጾሟን መፍታት እንደምትችል ዑለማዎቹ ያስተምራሉ። ጸሐፊው የሚጠሩት የጥንቱ ሥርዓት ለነፍሰ ጡር የሚራራ እንደነበር ይህ ይመሰክራል።

የብረት እንክብሉ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። ጤፍ ብረት አለው። ነገር ግን በጤፍ ላይ የሚለካው ብረት ከፊሉ በአውድማ ላይ ከአፈር የተቀላቀለ ነው፤ በእህሉ ውስጥ ያለውንም ቢሆን እዚያው እህሉ ውስጥ ያለ ሌላ ንጥረ ነገር አስሮ ይይዘዋል። ሊጡን ማቡካት ይህን እስር ያላላዋል፤ ስለዚህ በደንብ የቦካ እንጀራ ይሻላል። በእርግዝና የሚጨምረውን የደም ፍላጎት ግን ብቻውን አይሞላውም። ለዚህ ነው የዓለም ጤና ድርጅት በየቀኑ ከ30 እስከ 60 ሚሊ ግራም ብረትና 0.4 ሚሊ ግራም ፎሊክ አሲድ የሚመክረው። ብረቱ የሚሄደው ወደ ደም ነው፤ ሕፃን አያወፍርም። በወሊድ ጊዜ ደም ሲፈስ፣ ደም ያነሳት እናትና ደሟ የሞላ እናት እኩል አይችሉትም። ይህን በማዋለጃ ክፍል የቆመ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ስለ ፎሊክ አሲድ ጸሐፊው ምንም አላሉም። የሕፃኑ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚወጡበት ቱቦ ከተጸነሰ በ28 ቀን ገደማ ይዘጋል። በዚያ ጊዜ ብዙ ሴት ማርገዟን እንኳን አታውቅም። ስለዚህ ልጅ ያሰበች ሴት ገና ሳታረግዝ ብትጀምረው ይመረጣል።

የብረት እንክብሉ ሆድ ያደርቃል፣ ያቅለሸልሻል የሚለው እውነት ነው፤ ሰገራንም ያጠቁራል፤ መጥቆሩ ግን አያስፈራም። ማታ ከመኝታ በፊት መውሰድ፣ ውኃና ጎመን ማብዛት ይረዳል። ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ግን ከቡና ማራቅ ነው። በእኛ ቤት ምሳ ከተበላ በኋላ ቡና ይፈላል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ ይቀጥላል። እንክብሏን ምሳ ላይ ውጣ አቦሉን የምታስከትል ሴት ብረቱን ቡናው ይወስድባታል፤ ሻይም ያንኑ ያደርጋል። እንክብሉንና ቡናውን በሁለት ሰዓት ያህል ብታራርቃቸው፣ እንክብሉን በሎሚ ወይም በብርቱካን ጭማቂ ብትወስደው ከዚያው እንክብል ይበልጥ ትጠቀማለች። ቡናውን ጨርሰሽ ተዪ አልልም። የዓለም ጤና ድርጅት ማስጠንቀቂያ በቀን ከ300 ሚሊ ግራም በላይ ካፌይን ለሚወስዱ ነው። ሲኒውን መቀነስ፣ ቀጠን ባለው በረካ መካፈል ይበቃል፤ ከጎረቤት ጋር የመቀመጡ ወግ አይቀርም።

ጠላው ላይ ግን እንዲህ ያለ ልዝብ መልስ የለኝም። በጠላ ውስጥ ያለው አልኮል በእትብቱ በኩል ወደ ሕፃኑ ይደርሳል፤ «ይህን ያህል ቢሆን አይጎዳም» ተብሎ የተለካ መጠንም የለም። ቅራሪም ቢሆን አልኮል አያጣውም። በማኅበርና በዝክር ላይ ጣሳውን ይዞ «ጠጪ እንጂ፣ ለልጁም ይሆነዋል» የሚል ዘመድ አይጠፋም፤ በፍቅር ነው የሚለው። ለእርሷ በሶ በጥብጦ ወይም ያልፈላ ብርዝ አዘጋጅቶ የሚጠብቅ ባለቤት ግን የበለጠ ይወዳታል። ኮሶንማ ጽንስ እንደሚያስወርድ ጸሐፊው የሚጠቅሷቸው አያቶች ራሳቸው ያውቁት ነበር፤ ያንን እውቀት ትተን ኮሶውን ብቻ መውረስ የለብንም። የኮሶ ትል የሚመጣው በጥሬ ሥጋ ስለሆነ በእነዚህ ወራት ሥጋውን አብስሎ፣ ወተቱን አፍልቶ መውሰድ ሌሎች በሽታዎችንም ይከላከላል። ጤና አዳም በቡና ላይ ጫፉ ጣል ሲደረግና ተፈልቶ ሲጠጣ አንድ አይደለም፤ በብዛት ሲወሰድ ማኅፀንን ሊያኮማትር ይችላል። ለማቅለሽለሹ ዝንጅብል አለ፤ እርሱም የአያቶቻችን ነው። ሆድ ማሳሸትም ከዚሁ ጋር ይነሣል። በኃይል የታሸ ሆድ የእንግዴ ልጁን ከቦታው ሊያላቅቀው ስለሚችል አይደረግ።

የመጨረሻው ነጥብ ክትትል ነው። ጸሐፊው ስለ ወረፋውና ስለ ቁጣው የጻፉት አልተጋነነም። ነፍሰ ጡርን የሚያመናጭቅ ባለሙያ አለ፤ ሙያችንን የሚያሳፍር ነው፤ አንዲት ሴት በዚህ ምክንያት ሁለተኛ አልመጣም ብትል አልፈርድባትም። ሌላ ጤና ጣቢያ፣ ሌላ ባለሙያ ትፈልግ፤ ባሏ ወይም እናቷ አብረዋት ይግቡ። ነገር ግን «ሕመም ካልተሰማሽ አትሂጂ» የሚለው ምክር የተመሠረተው ሁሉም ሕመም ይሰማል በሚል ግምት ላይ ነው። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የሚነሣ የደም ግፊት መጀመሪያ ላይ አይሰማም። ሴቲቱ ስቃ፣ ተጫውታ፣ ጤነኛ ነኝ ብላ ትገባለች፤ ክንዷ ላይ ጨርቁ ሲጠመጠም ግን መለኪያው 140/90 እና ከዚያ በላይ ያነባል፤ ሽንቷ ውስጥ ፕሮቲን ይገኛል። ሳይታወቅ ቢቀር ቀጣዩ የሚጥል መንቀጥቀጥ ሊሆን ይችላል። ቂጥኝ፣ ኤች አይ ቪ፣ ከሕፃኑ ደም ጋር የማይስማማ የደም ዓይነት፣ እነዚህም ሳይሰሙ ይኖራሉ፤ ሁሉም በጊዜ ከታወቁ መላ አላቸው። የዛሬው መመሪያ ቢያንስ 8 ጊዜ ክትትል እንዲደረግ፣ የመጀመሪያውም ከ12ኛው ሳምንት በፊት እንዲሆን ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በአገራችን በተደረገው ጥናት ግን 4 ጊዜና ከዚያ በላይ ክትትል ያደረጉት እናቶች 43 በመቶ ብቻ ነበሩ። አገልግሎቱ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው።

ጽሑፉ ጭራሽ ያልነካው አንድ ነገርም አለ። ጎንደር ደጋ ነው ብለን ወባን እንረሳለን። ከዚህ ወደ ደምቢያ፣ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ለዘመድ ጥየቃም ለመኸርም የሚወርዱ ብዙ ናቸው። ወባ በነፍሰ ጡር ላይ ይበረታል፤ ደም ያሳንሳል፣ ጽንስም ያስወርዳል። ወደ ቆላ የምትወርድ ሴት አጎበሩን ከሻንጣዋ አትለይ፤ ከተመለሰች በኋላም ትኩሳት ቢይዛት ወዲያው ደሟን ትመርመር።

ጸሐፊው በመጨረሻ «ለምታውቋት ነፍሰ ጡር ሁሉ አጋሩላት» ብለው ለምነዋል፤ ብዙዎቻችሁም አጋርታችኋል። የላካችሁላትን አሁን መመለስ አይቻልም። ነገር ግን ከሥሩ አንድ መልእክት መጨመር ትችላላችሁና እንዲህ ብላችሁ ጻፉላት፦ ደም ከታየሽ፣ ከባድ ራስ ምታት ከያዘሽ ወይም ዓይንሽ ከደበዘዘ፣ ፊትሽና እጅሽ ካበጠ፣ ካንቀጠቀጠሽ፣ ትኩሳት ከያዘሽ፣ ሆድሽን በኃይል ከቆረጠሽ፣ ምጥ ሳይመጣ እንሽርት ውኃው ከፈሰሰ፣ ወይም ሕፃኑ እንደ ቀድሞው መንቀሳቀሱን ከተወ፣ እስኪነጋ አትጠብቂ፤ ሌሊትም ቢሆን ደውይልኝ፣ አብሬሽ እሄዳለሁ።